በአበራ ስም የሚገባው ምሳ

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ የጓድ ሻለቃን ካኪ ሱሪ እየተኮሰች ነበር። በማግስቱ ሰልፍ ስላለ ልብሱ ከሰዓት እላፊ በፊት መድረስ ነበረበት። የከሰል ካውያዋ እየበረደባት ስታስቸግራት ከፍራሼ ሥር ግጥሞቼን አወጣችና እየቀደደች ፍሙ ላይ ጨመረቻቸው። ተይ አላልኳትም። እነዚያ ወረቀቶች ቤታችን ቢገኙ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ነበልባሉ በካውያው ቀዳዳዎች ብልጭ ብልጭ ሲል ሱሪው ላይ ውሃ እፍ አለችበት፣ ተጫነችው፣ መስመሩንም እንደ ቢላ ስለት አወጣችለት። ጓድ ሻለቃ በማግስቱ አብዮት አደባባይ የቆሙት በእኔ ግጥም ሙቀት የተተኮሰ ሱሪ ለብሰው ነው። ይህን እዚህ ካርቱም ላሉት ጓደኞቼ ሳወራ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን የሳቀ አልነበረም።

ቤታችን ቦሌ ሚካኤል፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ያለች አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። እናቴ በሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። ከምታጥብባቸው ቤቶች አንዱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ያለ ትልቅ ቪላ ነው። ድሮ የአንድ ባላባት ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ባላባቱ ጠፉ፣ ቪላው ተወረሰ፣ ጓድ ሻለቃ ገቡበት። ውሻው እንኳን ባላባቱን ረስቶ ለጓድ ሻለቃ ጅራቱን መቁላት ጀመረ። እናቴ የምታጥብበት የሲሚንቶ ገንዳ ግን እዚያው ጓሮ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ ቀረ። የሚታጠበው ካባ መሆኑ ቀርቶ ካኪ ሆነ እንጂ ጀርባዋ ላይ የመጣ ለውጥ አላየሁም።

ታላቅ ወንድሜ አበራ መካኒክ ነው። ነበር ማለት ነው የሚገባኝ፤ ግን እንደ ቅደም ተከተሉ ላውራው። እኔ በወጣሁበት ጊዜ ከታሰረ ወራት ሆኖት ነበር። የጋራዡን ሠራተኞች ሰብስበህ የማይሆን ነገር ተናገርክ ብለው ነው የወሰዱት። የታሰረው አንድ ግቢ ውስጥ፣ ድሮ እህል ይቀመጥበት በነበረ መጋዘን ነው። መጠየቅ አይቻልም። የሚቻለው ምሳ ማድረስ ብቻ ነው። ሴቶቹ በሩ ላይ ይሰለፋሉ፣ ዘበኛው ስም እየጠራ ምሳ ዕቃውን ይቀበላል፣ ቆይቶ ባዶውን ይመልሳል። ባዶ ምሳ ዕቃ የተመለሰላት ልጇ አለ ማለት ነው። ሌላ ወሬ የለም። አንዳንዷን ደግሞ ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጪ» ይላታል። እሷም ምሳ ዕቃዋን እንደ ሞላ ይዛ ትመለሳለች። አትጮኽም። መጮኽ ክልክል ነው፤ ጥቁር መልበስም፣ ድንኳን መጣልም። አንዲት ጎረቤታችን እንደዚያ ተመልሳ መጥታ በራፏ ላይ ሽንኩርት ስትልጥ የዋለችበትን ቀን አልረሳውም።

በዚያ ሳምንት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋራዡ ድረስ መጥተው «የአበራ ወንድም፣ ያ ግጥም የሚጽፈው የታለ?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ወሬውን እንደ ሰማች ከእኔ ጋር እንኳን ሳትመካከር ወሰነች።

«ትሄዳለህ» አለችኝ።

«አበራስ?»

«አበራን እኔ አለሁለት። ሁለታችሁንም ግን አልችልም። ሁለት ምሳ ዕቃ ከየት አመጣለሁ?»

ሱሪውንና ሸሚዙን አጣጥፋ በነጭ ጨርቅ ሸፈነችና ክንዴ ላይ አደረገችልኝ። በራፍ ላይ አልሳመችኝም፤ ጎረቤት ያያል። «ይህን አድርስና ዝም ብለህ ሂድ» ብቻ አለችኝ። ስንቄን ከልብሱ ሥር ደብቃዋለች። መታጠፊያው ላይ ጠመንጃ የያዘ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሚመስል፣ አስቆመኝ።

«የማን ነው?»

«የጓድ ሻለቃ። ለነገ ሰልፍ።»

እጁን አነሳና ልብሱን ሳይነካ «እለፍ፣ እለፍ» አለኝ። እንዲህ ነው እንግዲህ የወጣሁት፤ የሚያሳድደኝን መንግሥት ልብስ ክንዴ ላይ ይዤ። ቪላው በር ላይ ለሠራተኛዋ አስረከብኩና በቦሌ መንገድ ፍተሻ ስለነበረ በመገናኛ በኩል ዞሬ ውይይት ታክሲ ተሳፈርኩ። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ ነው ያንን መኪና ውይይት የሚሉት። ያን ዕለት ማንም ማንንም አላወያየም። ሁሉም ጉልበቱን ያያል።

ጎንደር ድረስ ስኳር በጫነ መኪና ላይ፣ ከሸራ ሥር ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ በእግራችሁ ታውቁታላችሁና አላረዝምም። መተማ ላይ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። የቦሌ ልጅ ነኝ፤ በሐምሌ ጭቃው ጫማ ሲነጥቅ፣ ጭጋጉ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነስቶ እስከ ጠዋት ሲተኛብን አማርር ነበር። ድንበሩን ተሻግሬ ገዳሪፍ ስገባ ያንን ጭቃ በአፌ እንኳን ብልሰው አልጠላም ነበር።

ገዳሪፍ ላይ የስደተኞች ጉዳይ ሹም ዘንድ ቀረብኩ። ወፍራም፣ ትሁት ሰው ነው፤ ሻይ አዘዘልኝ። በእንግሊዝኛ ነበር የምንነጋገረው።

«ለምን ሸሸህ?»

«ሊገድሉኝ ስለነበር።»

«ማን?»

«መንግሥት።»

«ምን አድርጋችሁ?»

«መሬት ላራሹ ብለን ነው ነገሩ የተጀመረው።»

«መንግሥቱስ ምን አለ?»

«መሬት ላራሹ አለ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እናንተ መሬት ላራሹ አላችሁ፣ እሱም መሬት ላራሹ አለ። ታዲያ በምን ተጣላችሁ?»

ላስረዳው ሞከርኩ። መሬቱ ለአራሹ ተሰጠ፣ ቪላው ግን ለጓድ ሻለቃ፤ ያንን ያለ ሰው ነው የሚታሰረው አልኩት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ጥገኝነት ለመስጠት በቂ ምክንያት ነው፤ እኔ ግን እስከ ጡረታዬ አይገባኝም» አለና ማኅተሙን መታልኝ። ላጂእ ሆንኩ። ስደተኛን እንዲህ ነው የሚሉት።

ካርቱም ላይ ያገኘሁት ሥራ ልብስ ማጠብና መተኮስ ነው። ሳቁ እንግዲህ። ጀለቢያ የሚሉት ረጅም የወንዶች ቀሚስ፣ ነጭ በነጭ፣ ቀኑን ሙሉ። የእናቴን ወገብ ሕመም በአንድ ወር ውስጥ አወቅሁት። ኪስራ የሚሉት ቂጣ አላቸው። እርሾ የነካው፣ ስስ፤ እንጀራ ሊሆን ተነስቶ ዓይን ሳያወጣ የቀረ። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ሐጂ ዑስማን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ቤቱን ሲያሳዩኝ ጣሪያው ላይ ያለውን ቀዳዳ በጣቴ አመለከትኳቸው።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አሉኝ። «እዚህ ዝናብ የለም።»

«አቧራስ?»

«አቧራማ በበሩም ይገባል። በጣሪያው ገባ፣ በበሩ ገባ፣ ምን ለየው?» አሉና ቀጠሉ፣ «ያበሺ፣ አንተ ሐበሻ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ዝናብ ያለበትን አገር ትቶ ዝናብ ወደሌለበት የሚመጣ ሰው ጤነኛ ነው?»

ለእናቴ ስልክ የምደውልበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ያው ቪላው። የጓድ ሻለቃ ባለቤት እትዬ ሶፍያ ባሏ ሥራ ሲሄዱ የፈለገችውን የምታደርግ፣ ደግ ሴት ናት። ሱዳን ያለ ዘመዷ ሆኜ እንድደውል በሠራተኛዋ በኩል ተስማምተን ነበር። መጀመሪያ የደወልኩ ቀን እናቴን ከገንዳው ጠርተውልኝ መጣች። ውሃው ከእጇ ሲንጠባጠብ የሰማሁ መሰለኝ።

«ወንድምህ ደህና ነው» አለችኝ ከሰላምታው በፊት። «ምሳ ዕቃው ጥርግ ብሎ ነው የሚወጣው። ሆዱ ተከፍቷል። እኔ ምሳ ትቼ ለእሱ ጨመር ጨመር አደርግለታለሁ።»

በዚያ ደስታ ስንት ቀን እንደ ተኮስኩ!

ዓርብ ሥራ ስለሌለ ሐበሾቹ አንድ ግቢ እየተሰበሰብን ፉል እንበላለን። ትልቃችን ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ድሮ ዳኛ ነበሩ፣ አሁን የሆቴል በር ይጠብቃሉ። አንድ ዓርብ ደምሴ የሚባል አዲስ ሰው መጣ። የአርሲ አስተማሪ ነው፤ በበዓል ምሕረት ተፈትቶ በሳምንቱ ነው የሸሸው። የት ታስሮ እንደነበር ሲናገር ዘለልኩ።

«ወንድሜ እዚያ ነው! አበራ፣ መካኒኩ! ታውቀዋለህ?»

እጁ ከፉሉ ሳህን ላይ ቆመ። «አውቀዋለሁ» አለ።

«እንዴት ነው? ከሳ?»

«ጥሩ ሰው ነው» አለና ውሃ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ አልበላም። ስንወጣ ከጋሽ ወርቁ ጋር ወደ ኋላ ቀረ። ምንም አልጠረጠርኩም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ወርቁ፣ ደምሴና ሌሎች ሁለት ሰዎች፣ ነጠላ ያለው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቆመዋል። አገር ቤት ላደጋችሁት ማስረዳት አያስፈልገኝም። ፊታችሁን ሳትታጠቡ፣ ምንም ሳትቀምሱ፣ ሽማግሌ ተሰልፎ በራፋችሁ ከቆመ የመጣው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሐጂ ዑስማን በምሽት ቀሚሳቸው ወጥተው «ዛሬ የሐበሻ በዓል ነው እንዴ?» አሉ።

«ልጄ፣ አበራ አርፏል» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ጮኽኩ። ድምፄ እስኪዘጋ። ማንም ዝም በል አላለኝም። በዚያ መሀል እንኳን፣ አገሬ ላይ ለወንድሜ እንዲህ መጮኽ እንደማይቻል ትዝ አለኝ፤ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ባሰብኝ። ሐጂ ዑስማን ነገሩን ሲረዱ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የሙታን ጸሎታቸውን ፋቲሓን አደረሱ፣ ከጣሪያዬ ቀዳዳ ሥር ምንጣፍ አነጠፉ፣ ሻይ አፈሉ። ስንቀመጥ አብረውን ተቀመጡ። ጎረቤት እየገባ መዳፉን ሲዘረጋ እሳቸው «ወንድሙ ነው፣ ወንድሙ» እያሉ ያስረዳሉ። አበራ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ ተለቀሰለት።

ለቅሶው ሲያልቅ ደምሴ ብቻውን መጣ። የሚለው ነገር እንዳለው ከአቀማመጡ ያስታውቃል።

«መቼ ነው የሞተው?» አልኩት።

«አንተ ከአገር ሳትወጣ ይመስለኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሌሎች ጋር ተጠርቶ ወጣ። በማግስቱ ጫማውን ዘበኛው ተጫምቶት መጣ።»

«ምን ትላለህ? እናቴ ምሳ ታደርሳለች! ባዶውን ይመልሱላታል!»

«እኛ ነን የምንበላው» አለኝ።

እሱ መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር አለኝ። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ያለ ምሳ ይመጣለታል። ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሲዳሞ ተጭኖ የመጣው ግን የት እንዳለ የሚያውቅ ዘመድ የለውም። መንግሥት የሚሰጠው ዳቦ አይበቃም። አበራ በሕይወት ሳለ ምሳውን ቤተሰብ ከሌላቸው ጋር ነበር የሚካፈለው። ከሞተ በኋላ ዘበኛው ለእናቴ «አታምጪ» ሊላት ሲል የእስረኞቹ ተወካይ ለመነው። የአበራ ስም ሲጠራ ተወካዩ እየወጣ ይቀበል ጀመር።

«ዘበኛውስ እንዴት እሺ አለ?»

«ድርሻ ነበረው።»

«አንድ ቀን እንኳን ይህቺ ሴት ትወቅ ያለ ከመሀላችሁ አልተገኘም?»

«በየቀኑ እንል ነበር። ጠዋት ጠዋት ዛሬ ትነገር እንላለን። ከዚያ ስድስት ሰዓት ይሆንና ምሳ ዕቃው ይገባል፤ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ርቦን ነበር፣ ካሳሁን።»

አንገቱን ላንቀው ተነሳሁ። አልተከላከለም። ቆሜ ቀረሁ። እናቴ የራሷን ምሳ ትታ የምትልከውን የበላ አፍ ነው ፊቴ ያለው። ያ እህል ባይኖር ደግሞ ይህ ሰው እዚህ አይቀመጥም ነበር።

«አሁንም ይበላሉ?» አልኩት።

«አሁንም። ጋሽ ቱፋ የሚባሉ የባሌ ገበሬ አሉ። ጨጓራቸው የቆሰለ ነው። ከእናትህ ምሳ ሌላ የላቸውም። እሱም በርበሬው ስለሚያቃጥላቸው ወጡን በውሃ አጥበን እንሰጣቸው ነበር። እሷ ካወቀች ይቀራል። ካላወቀች…»

ጋሽ ወርቁን አማከርኳቸው። «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። «ሽማግሌ ሄዶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው።»

«ቦሌ ሚካኤል በጎህ አራት ሽማግሌ ተሰብስቦ ቢሄድ፣ ስብሰባ ተብሎ አይታሰርም?»

ያ መንግሥት የገደለውን ብቻ አይደለም የወሰደብን፤ መርዶ የሚያረዱንንም ነው።

እኔ ቆረጥኩ። እናቴ ለሞተ ልጅ እየተራበች አትኖርም፤ ልጇን የማልቀስ መብት አላት፤ እነግራታለሁ አልኩ። ቃላቱን እንደ ግጥም አዘጋጀኋቸው። ስልክ ቤት ገብቼ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ሠራተኛው «አዲስ!» ብሎ ወደ ካቢናው ጠቆመኝ።

ያነሳችው እትዬ ሶፍያ ናት። «ዛሬ እንግዶች አሉብን፣ ጓድም እዚህ ናቸው» አለች ፈጠን ብላ፣ በሳቅ ድምፅ። «አሳጥረው እሺ? እናት ዓለም፣ ነይማ፣ ያ የሱዳኑ ዘመዴ ሰላም ሊልሽ ነው!»

ከኋላዋ የወንዶች ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። እናቴ መጣች።

«ደህና ነህ? በላህ?»

«በልቻለሁ። አንቺስ?»

«እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ትናንትም ጥርግ ብሎ ነው የወጣው። ቀይ ወጥ ነበር።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። እዚያ ሳሎን መሀል፣ ጓድ ሻለቃ እያዩዋት፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቆማ፣ ልጅሽ ሞቷል ልበላት? ብትጮኽ ምን ያደርጓታል? ባትጮኽስ ምን ትሆናለች?

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«በርበሬውን ቀንሺው።» ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። «የምትልኪውን ምሳ አልጫ አድርጊው። በርበሬው ሆድ ያማል።»

ቀስ ብላ፣ «አልጫ?» አለች። «እሱ አልጫ መቼ በልቶ ያውቃል? ከልጅነቱ ቀይ ካልሆነ መች ይነካልኝ ነበር?»

እንዲገባት ፈለግሁ፤ እንዳይገባትም ፈለግሁ። መስመሩ ይንጫጫል። ከኋላዋ አንዱ ቀልድ ጨርሶ ሌሎቹ ሳቁ። የእናቴ ትንፋሽ አንዴ ብቻ ወደ ውስጥ ሲሄድ ሰማሁት፤ ሲመለስ አልሰማሁትም።

«ብዙ ናቸው?» አለችኝ።

«አንድ ሽማግሌ አሉ» አልኩ። «ዘመድ የላቸውም።»

ብርጭቆ ተጋጨ። እናቴ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ሳሎኑ ሁሉ እንዲሰማት ነው፤ የሠርግ ጥሪ የተነገራት ሴት ትመስላለች። «እሺ የኔ ጌታ! አልጫ አደርጋለሁ! እንግዲህ ልሂድ፣ የጓድ ልብስ ገንዳ ውስጥ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። የት ሄዳ እንዳለቀሰች፣ ያን ዕለት ካኪው ላይ ተደፍታ እንደሆነ፣ ወይ ማታ ቤቷ ጨርቅ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እንደሆነ አላውቅም። ወይ ጨርሶ አላለቀሰች ይሆናል። ከዚያ ወዲህ እነ እትዬ ሶፍያ ወደ ሌላ ቤት ተዛውረዋል፤ ቁጥሩ አይሠራም።

የካቢናው መስታወት ተንኳኳ። የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ከኋላዬ ያለውን ወረፋ እያሳየኝ ነው።

«ኻላስ? ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም» አልኩት።

«መስመሩ እኮ ተዘግቷል።»

«አውቃለሁ» አልኩና እጀታውን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ።